ስለ ዘር አደራ

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ባዶ እጁን ነው ይባላል። ነገሩ ባንድ በኩል እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ባዶ እጁን የመጣውን ሕፃን ባዶ ቤት አይጠብቀውም። ከርሱ በፊት የኖሩት ሰዎች የተናገሩት ቋንቋ፥ የጠረጉት መንገድ፥ የቈፈሩት የውሃ ጕድጓድ፥ መርጠው ያቈዩትም ዘር ሁሉ ተሰናድቶ ይቈየዋል። ሕፃኑ አድጎ ይህን ሁሉ ሲጠቀምበት የራሱ ይመስለዋል፤ ማን እንደ ሰጠውም አይጠይቅም።

ከነዚህ ስጦታዎች አንዱን፥ ይኸውም ዘርን ይዤ፥ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ላነሣ አስቤአለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፤ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የተቀበልነው ዘር እንደ ወደድን የምናደርገው የግል ገንዘባችን ነውን፥ ወይስ ለሚመጡት የምናቈየው አደራ? አደራ ከሆነስ፥ መከራ የጠናበት ሰው አደራውን ቢበላ ሊወቀስ ይገባዋልን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህ የገበሬ ጕዳይ ነው፥ እኔን አይመለከተኝም ብለህ ገጹን እንዳትገልጥ። እህልህን ከገበያ ገዝተህ ብትበላም፥ የምትበላው ሌላው የጠበቀውን አደራ ነው። ትልቅ ነገር በትንሽ ምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣልና፥ ምሳሌዬን ከቲማቲም እጀምራለሁ።

ቲማቲም ለአገራችን እንግዳ ነው። ጥንተ መሠረቱ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ሲሆን፥ ሰዎች ፍሬውን እየመረጡ ያሳደጉት በሜክሲኮ ነው። ከዚያም በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ስፓኞች ወደ አውሮፓ አመጡት። በሰሜን አውሮፓ ብዙ ሰዎች መርዝ ነው ብለው ለረጅም ጊዜ ፈርተውት ኖረዋል፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቲማቲም መርዝ ካለባቸው ዕፀዋት ጋር ይዛመዳልና። እኛም በየመንገዱ ዳር የምናያት፥ ከብት እንኳ የማይደፍራት እምቧይ የቲማቲም ዘመድ ናት፤ በርበሬና ድንችም እንዲሁ ከዚያው ወገን ናቸው። አማርኛችን ቲማቲም የሚለውን ስም ከዐረብኛ ተቀብሏል፤ የትግርኛ ተናጋሪዎች ግን ኮሚደረ የሚሉት ከኢጣሊያኖች ሰምተው ነው። እንግዲህ ፍሬው በስንት በር ዞሮ ወደ ቤታችን እንደ ገባ ከስሙ ብቻ እንረዳለን። እንግዳ ነው ብለን ግን አንንቀው። በርበሬም እንዲሁ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነበረ፤ ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ ሠርቶ እንግዳ የሚጋብዝ ማን ነው? ዘር የአገር ልጅ የሚሆነው በተወለደበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን በተጠበቀበት ስፍራም ነው።

በዓለም ላይ የቲማቲም ዓይነት ብዙ ሺሕ ነው። ቀይ አለ፥ ብጫ አለ፥ ጠቈር ያለ አለ፤ እንደ ዱባ ሽንትር ያለው አለ፥ እንደ ሎሚ የሞለለም አለ። ይህ ሁሉ ልዩነት እንዲያው በዘፈቀደ አልቈየም። አንድ ሰው ባንድ ዘመን ከጓሮው ውስጥ አንዷን ፍሬ ከሌሎቹ ለይቶ፥ «ይህቺ አትበላም፥ ለዘር ትቀመጥ» ብሎ ስለ ነበረ ነው። ከርሱ በኋላ ልጁ፥ ከልጁም በኋላ የልጅ ልጁ ያንኑ ቃል ደግመውታል። በመካከል አንድ ሰው ብቻ ያን ቃል ቢረሳና ዘሩም በሌላ ቤት ባይኖር፥ የብዙ ሰው ድካም በአንድ ክረምት ይቈረጣል።

ዘሩን ማቈየቱ ከባድ ጥበብ አይጠይቅም። የቲማቲም አበባ አብዛኛውን ጊዜ ራሷ በራሷ ትፀንሳለች፤ ስለዚህም የቈየው ዓይነት ዘሩ ሲዘራ ልጅ እናቱን ይመስላል። ከሁለት ዓይነት ተዳቅሎ በኩባንያ የሚሸጠው ድቅል ዘር ግን በመጀመሪያው ዓመት መልካም ያፈራና፥ ከፍሬው ወስደው ደግመው ሲዘሩት ልጆቹ የተለያየ መልክ ያወጣሉ፤ ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ መግዛት አለበት። የቈየውን ዓይነት ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው ከጤናማ ተክል ላይ በደንብ የበሰለ ፍሬ ይመርጣል፤ ዘሩን ከነውሃው በሳሕን ያወጣና ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያስቀምጠዋል። በዘሩ ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር እዚያው ፍሬው ውስጥ ሳለ እንዳይበቅል የሚከለክለው ነው፤ ይኸውም በመብላላት ይለቅቃል። ከዚያ በኋላ በውሃ ሲታጠብ መልካሙ ዘር ወደ ታች ይወርዳል፥ ባዶው ይንሳፈፋል። የወረደውን በጥላ ያደርቁታል፥ ስሙንና ዓመቱን ጽፈው እርጥበትና ሙቀት በሌለበት ያስቀምጡታል።

ይሁን እንጂ የዘር ነገር እዚህ ላይ ከሌላው አደራ ይለያል። ጎረቤትህ ሩቅ አገር ሲሄድ መቶ ብር አደራ ቢሰጥህ፥ ታማኝነትህ የሚታወቀው ባለመንካትህ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ቈልፈህ ከርመህ ሲመጣ መቶውን ብር ትመልሳለህ። የዘርን አደራ ግን ቈልፈህ ከተውኸው ገደልኸው። የቲማቲም ዘር በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ከአራት እስከ ዐሥር ዓመት ሊቈይ ይችላል፤ በቈላ ሙቀት ግን ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይሞታል። ሲሞትም አይሸትም፥ መልኩም አይለወጥም፤ ሕያው መስሎ በቅሉ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ የገንዘብ አደራ ሳይነካ ይጠበቃል፤ የዘር አደራ ግን እየተዘራ፥ እየታጨደ፥ ለሌላም እየተሰጠ ነው የሚጠበቀው። ዘር እንዲበዛ አስቀድሞ መሬት ውስጥ መቀበር እንዳለበት ከወንጌልም የሰማነው ነገር ነው።

አሁን ነገሩን ወደ አንድ የታወቀ አገር ላምጣው። ዝቋላ ሲባል ብዙ ሰው ገዳም ያለበትን የሸዋውን ተራራ ያስባል፤ እኔ የምናገረው ግን በዋግ ኽምራ፥ ከሰቈጣ ወደ ተከዜ ሲወርዱ ስላለው ስለ ዝቋላ ወረዳ ነው። አገሩ አብዛኛው ቈላ ነው፤ ዝናቡ አጭር፥ መሬቱ ድንጋያማ፥ ፀሐዩም ብርቱ ነው። ሕዝቡ ኽምጣንኛና አማርኛ ይናገራል፤ ማሽላ ይዘራል፥ ፍየል ያረባል፥ ንብ ያንባል። የዝናብ ነገር የማይታመን በመሆኑም፥ በዚያ አገር ዘር መምረጥ የሞትና የሕይወት ነገር ነው።

በዚህ አገር አንዲት እናት አለች እንበል። ይህቺን እናት ለምሳሌ ያህል አመጣኋት እንጂ በስም የማውቃት ሴት አይደለችም። ከወንዝ ዳር ካለችው ትንሽ የጓሮ መሬቷ ላይ ቲማቲም ትተክላለች፤ ዘሩን የተቀበለችው ከባሏ እናት ነው። ፍሬው ትንሽ፥ ቆዳው ስስ፥ ሽንትር የበዛበት ነው፤ በአህያ ተጭኖ እስከ ሰቈጣ ገበያ ሲደርስ ይፈርጥባታል፤ ነገር ግን ጥቂት ውሃ ይበቃዋል፥ ወጡንም ያጣፍጣል። አንድ ዓመት ነጋዴ አዲስ ዘር አመጣ፤ ፍሬው ትልቅ፥ ቆዳው ጠንካራ፥ ምርቱም ብዙ ሆነ። እናት ደስ አላት፤ አዲሱን ተከለች፥ ሸጣም ልጆቿን አስተማረች። በዚህ ሥራዋ ማን ይነቅፋታል? የድሮውን ዘር በአመድ ለውሳ በቅል ውስጥ ከግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ «አንድ ቀን እተክለዋለሁ» አለች። ዐሥር ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ ውሃው ያነሰበት፥ አዲሱም ተክል በበሽታ የጠወለገበት ዓመት መጣ፤ ያን ጊዜ ቅሉን አወረደችና ዘራችው፤ አንድም አልበቀለም።

ልብ በል አንባቢ ሆይ፤ ያንን ዘር ሌባ አልሰረቀውም፥ ነቀዝ አልበላውም፥ የተራበ ሰውም አልቈረጠመውም። ገዳዩ «አንድ ቀን» የሚለው ቃል ነው። እናቲቱም ብቻዋን አይደለችም የረሳችው፤ ከባሏ እናት ዘር ሊወስዱ ይችሉ የነበሩት ጎረቤቶች፥ «የድሮው ቲማቲም የት ገባ?» ብለው ሊጠይቁ ይችሉ የነበሩት የተማሩ ልጆቿ፥ ሁሉም አብረው ረስተውታል።

ሁለተኛው የዘር አሟሟት ግን ከዚህ ይለያል፤ እርሱም በረኀብ ነው። የዋግ ሰው ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ላይ በወረደው በክፉ ቀን ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ፥ ዝናብ ጠፍቶ፥ አንበጣም ተነሥቶ ሕዝቡ እንደ ቅጠል ረገፈ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ አገራችን በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ በረኀብ አለቀ፤ ከዋግና ከላስታም ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም መጠለያ ተሰደደ። በእንዲህ ያለ ጊዜ አስቀድሞ የሚሸጠው ከብት ነው፤ ቀጥሎ የቤት ዕቃ፥ ከዚያም የጣራው እንጨት ይሸጣል፤ በመጨረሻም የምትቀረው ለከርሞ የተቀመጠችው ዘር ናት። ያቺን ዘር ድስት ላይ ለመጣድ የተነሣች እናት እጅዋ መንቀጥቀጡ አይቀርም። ዛሬን ለመኖር ከርሞን መብላቷ እንደ ሆነ ታውቃለችና።

እንግዲህ ከላይ ያነሣሁት ጥያቄ በዚህ ቦታ ይከብዳል። አማርኛችን «አደራ በላ» የሚለው ስድብ ከስድቦች ሁሉ የከፋ ነው፤ «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» የሚባለውም አደራ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ለማስታወቅ ነው። ታዲያ ያቺ እናት አደራ በላ ልትባል ይገባታልን?

ስለዚህ ነገር ከሩቅ አገር የተሰማ አንድ ታሪክ አለ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ የዓለምን ዘር ለመሰብሰብ ብዙ አገር ዞሯል፤ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ ራስ ተፈሪ ተቀብለውት ነበር፤ የስንዴያችንንና የገብሳችንን ብዛትና ልዩ ልዩነት አይቶም እጅግ ተደንቋል። የሰበሰበው ዘር በሌኒንግራድ ከተማ ይጠበቅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ያችን ከተማ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1941 እስከ 1944 ድረስ ከብበው ሕዝቡን በረኀብ ሲፈጁት፥ የዘሩ ጠባቂዎች ሩዝና ስንዴ፥ ኦቾሎኒና ድንች በእጃቸው ሳለ ሳይነኩት ብዙዎቹ በረኀብ ሞቱ። ከነሱም አንዱ የሩዙ ዘር ጠባቂ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ነበረ። ቫቪሎቭ ራሱም በመንግሥቱ በሐሰት ተከሶ በ1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት አረፈ፤ የዓለምን ረኀብ ለማጥፋት የደከመ ሰው በእስር ቤት ተርቦ ሞተ።

ይህን ታሪክ የሰማ ወጣት፥ «እንግዲያስ ለዘር መሞት ይገባል፤ ዘሩን የበላ ሁሉ ደካማ ነው» ብሎ ለመፍረድ ይቸኵል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ ያለው ፍርድ ልክ አይመስለኝም። የሌኒንግራድ ሊቃውንት የሰጡት የራሳቸውን ነፍስ ነው፤ ሰውም የራሱን ነፍስ ስለ ሌላው ቢሰጥ ይመሰገናል። ያቺ የዋግ እናት ግን የምትመርጠው በራሷ ነፍስ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከጎኗ የሚያለቅስ ሕፃን አለ። ሕፃኑ ገና ላልተወለደ ሰው ሲባል ይሙት ብሎ ለመፍረድ ለማን ሥልጣን ተሰጠው? ደግሞም ዘር የተጠበቀው ስለ ሰው ነው፤ ልጅ ሁሉ ሞቶ ዘር ብቻ ቢቀር፥ ዘሩን የሚዘራው ማን ነው? ስለዚህ በረኀብ ቀን የመጨረሻውን ዘር ለልጇ የቀቀለች እናት አደራ አልበላችም እላለሁ፤ እርሷ ከሁለት አደራ ትልቁን ጠብቃለች።

ዳሩ ግን እናትን ነጻ ካወጣን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ዘሩ ጠፍቷልና የሚጠየቅ ሰው አለ። እስቲ እንመርምረው፤ እናቲቱ የበላችው ዘር የመጨረሻው እንዲሆን ያደረገው ማን ነው? ያው ዘር በዐሥር ቤት፥ በሌላ ቀበሌ፥ በሌላም አውራጃ ቢኖር ኖሮ፥ እርሷ የቀቀለችው እፍኝ ዘር አንድ ምሳ ብቻ ይሆን ነበር፤ ዝናብ ሲመለስ ከጎረቤት ተበድራ ትዘራ ነበርና። የአንድ ዓይነት ዘር ዕድሜ በአንዲት ሴት ድስት ላይ እንዲንጠለጠል ያደረጉት፥ በጥጋብ ዘመን ዘሩን ችላ ያሉት ሰዎች ሁሉ ናቸው። እነሆ ጠቅላላ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ዘር በረኀብና በመርሳት ይሞታል፤ በረኀብ የገደለው ይቅር ይባላል፥ በጥጋብ የረሳው ግን ይጠየቃል። የተራበውንም ሰው ከመጨረሻዋ ዘር ጋር ብቻውን የሚያፋጥጠው የጠገበው ሰው መርሳት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የዘር አደራም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው ይከብደዋል፤ ቢታመም፥ ቢሰደድ፥ ቤቱ ቢቃጠል አብሮት ይጠፋል። ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ግን ለያንዳንዱ ከአንድ መደብ የማትበልጥ ጌጥ ይሆናል። ስለ ቲማቲሙ ብንቈጥር፥ ከአንድ ደኅና ፍሬ መቶ ያህል ዘር ይገኛል። መቶው ለዐሥር ጎረቤት ቢታደል ለያንዳንዱ ዐሥር ይደርሰዋል፤ ከዐሥሩ ቤት ዘጠኙ ቢያጠፉት እንኳ በዐሥረኛው ቤት ከበቀለችው አንዲት ተክል በከርሞው እንደገና መቶዎች ይወጣሉ። ገንዘብ ሲሰጡት ይጐድላል፤ ዘር ግን ሲሰጡት ከመጥፋት ይድናል።

በአሜሪካ አገር ኬንት ዌሊና ሚስቱ ዳያን ይህን የተማሩት ከአንድ ሽማግሌ ነው። የዳያን አያት ወላጆቻቸው ከጀርመን አገር ከባቫሪያ ይዘው የመጡትን ቀላ ያለ የቲማቲም ዘርና የአንዲት ሐረግ አበባ ዘር ሰጧቸው። ሽማግሌው ሲሞቱ ወጣቶቹ አንድ ነገር ገባቸው፤ ዘሩን ባይቀበሉ ኖሮ ከሽማግሌው ጋር አብሮ ይቀበር ነበረ። ስለዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 የቈየ ዘር ያላቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡበት ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሺሕ ዓይነት ይጠብቃል። ሥራው የተጀመረው ግን በእፍኝ ዘር ነው።

በአገራችንም ይህ አልተዘነጋም። በ1976 በፈረንጆች አቆጣጠር በአዲስ አበባ የአገሪቱ የዘር ባንክ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ይጠብቀዋል። ባንኩን ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የገበሬው ዘር ተበልቶ ሳያልቅ እንዲሰበሰብ ደክመዋል፤ ስለዚህና ስለ ሌላው ሥራቸውም በ1989 በፈረንጆች አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ከዶክተሩ ትምህርት ዋነኛው፥ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ በሕይወት መጠበቅ አለበት የሚለው ነው። በዚህም መንገድ በምሥራቅ ሸዋ በኤጀሬና በጨፌ ዶንሳ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የዘር ባንክ ተሠርቷል፤ ገበሬው የቀድሞ ስንዴውን ዘር ይበደራል፥ ሲያመርትም ብድሩን ከነወለዱ በዘር ይመልሳል። በተለይ ይህ መልካም ባንክ ነው፤ ባለዕዳው ሲከፍል ከሀብቱ አይጐድልበትምና።

የዘር ባንክ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ የሶርያ ጦርነት አስተምሯል። በአሌፖ አጠገብ ትልቅ የዘር ማከማቻ የነበረው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት በጦርነቱ ምክንያት ስፍራውን ለቅቆ ወጣ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ከዘሩ ቅጂ ወደ ኖርዌይ፥ በስቫልባርድ በበረዶ ተራራ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ወደ ተከፈተው ጎተራ ልኮ ስለ ነበረ፥ በ2015 ወስዶ እንደገና ለመዝራት ቻለ። ጦርነት በኛም አገር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዋግ ኽምራ መድረሱን እናውቃለን። ከቤቱ በሌሊት የሚሸሽ ሰው ልጁን እንጂ የዘር ቅሉን አያነሣም። ዘሩ በሌላ ሰው ቤት ካለ ግን ሲመለስ የሚበደረው ያገኛል።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ «አዲሱ ዘር ብዙ እያፈራ የድሮውን መጠበቅ ወደ ኋላ መመለስ አይደለምን?» የሚል ነው። እኔ የአዲሱ ዘር ጠላት አይደለሁም፤ የዝቋላዋ እናት አዲሱን ተክላ ልጆቿን ማስተማሯን አመስግኛለሁ። ነገር ግን አዲሱ ዘር ከድሮው ዘር እንደሚወለድ መርሳት አይገባም። የዛሬዎቹ ቲማቲሞች ሥርን የሚያጠቁትንና ተክሉን የሚያጠወልጉትን በሽታዎች የሚቋቋሙበትን ኀይል ያገኙት በደቡብ አሜሪካ ዱር ከሚበቅሉ ዘመዶቻቸው ነው። በካሊፎርኒያም የገብስን ተክል የሚያቀጭጭ ብጫ በሽታ በተነሣ ጊዜ መድኀኒቱ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ገብስ ያቈየው ገበሬ ካሊፎርኒያ የምትባል አገር መኖሯንም አልሰማ ይሆናል፤ እርሱ የጠበቀው አደራ ግን የማያውቀውን ሰው ማሳ አዳነ። እንግዲህ ዛሬ የማይጠቅም የሚመስለን ዘር ነገ ለማን እንደሚያስፈልግ ልናውቅ አንችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ «ዘራችንን ለሁሉ ብናድል፥ ሌላው ወስዶ የኔ ነው አይልምን?» የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፋችንን ዱቄት አዘገጃጀት የኔ ፈጠራ ነው ብሎ መብት አውጥቶበት ነበር፤ እስከ 2018 በፈረንጆች አቆጣጠር የአገሩ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ስለዚህ ዘር የሚሰጥ ሰው ለማን እንደ ሰጠ ይጻፍ፥ የተቀበለውም ከማን እንደ ተቀበለ ይመስክር፤ መንግሥትም በሕግ ይጠብቅ። ነገር ግን ሌባን ፈርቶ ዘርን መደበቅ፥ ልጁ እንዳይሰረቅበት ፈርቶ ከቤት ሳያወጣ እንዳሳደገው ሰው መሆን ነው፤ ከሌባው አስቀድሞ እርሱ ራሱ ጐዳው። ሌባው አንድ ዘር ወስዶ ቢከብር ዘሩ ቢያንስ በሕይወት ይኖራል፤ በቅል ውስጥ የሞተው ግን ለባለቤቱም ለሌባውም አይሆንም።

በመጨረሻ ለአንተ ለወጣቱ አንባቢ፥ ለአንቺም ለእኅቴ የምለው ጥቂት ነው። ወደ አያቶቻችሁ ቤት ስትሄዱ፥ የድሮ ዘመን ታሪክ እንደምትጠይቋቸው ሁሉ ስለ ዘርም ጠይቋቸው፤ ጓሮው ውስጥ ምን ይበቅል ነበር፥ ዛሬስ ምን ቀረ በሉ። የቀረ ነገር ካለ እፍኝ ተቀበሉ። ስሙን እነርሱ በሚጠሩበት ቋንቋ፥ በኽምጣንኛም ቢሆን በሌላ፥ ጻፉት፤ ስሙ የጠፋበት ዘር ግማሹ ጠፍቷልና። በአሮጌ ጣሳ እንኳ ቢሆን ዝሩት፤ ሲያፈራ ከሁሉ የተሻለችውን ፍሬ ለዘር አስቀምጡ፥ የቀረውን ብሉ። ከዚያም ለሦስት ሰው ስጡ፤ ለያንዳንዱም «አደራ» በሉት።

ይህን ማድረግ ትልቅ ጀግንነት አይደለም፤ ስለዚህ ሥራ ሐውልት አይቆምላችሁም። ነገር ግን ክፉ ቀን እንደገና ቢመጣ፥ ዝቋላ ወይም ሌላ አገር ያለች አንዲት እናት የያዘችውን ዘር ለልጇ ስትቀቅል እጅዋ አይንቀጠቀጥም። ያው ዘር በናንተ ቤት እንዳለ ታውቃለችና።